አይፎን 12 «ጨረሩ በዝቷል» ተብሎ ታግዶ ነበር ይባላል፤ ዩዝዱን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ናቲ ገርጂ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ወገን። ስልኬ ከተሰነጠቀ ቆየ፤ አሁን ደግሞ ቻርጅ አልይዝ አለኝ። ስፈልግ ስፈልግ ዩዝድ አይፎን 12 በደህና ዋጋ አገኘሁ። ባትሪው 84 በመቶ፣ ፌስ አይዲው የሚሠራ፣ ስክሪኑ ያልተቀየረ። ቀብድ ልሰጥ ስል የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «አንተ፣ እሱን እኮ ፈረንሳይ በጨረር ምክንያት አግዳዋለች። እዚህ የሚራገፈው የነሱ ጥራጊ ነው» ብሎ ሐሳቤን በጠበጠው። ሻጩን ስጠይቀው «እኔ ይኸው አምስት ስልክ ይዤ እውላለሁ፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ የሚተኛ ሰው ነኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ? «ጨረር ሁሉ ካንሰር ነው» የሚሉትንም፣ «ባክህ ምንም አይልም» የሚሉትንም ጠግቤያለሁ። በቁጥር የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ቡና በእኔ።


ጀማው ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2፡14

ከጨረሩ በፊት ዋጋው ነው የሚገድልህ።


ራዲዮ ፕላኒንግ · ማክሰኞ ማታ 3፡02

ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ መንገድ ላይ ግን ብዙ ነገር ተጨምሮበታል። ሥራዬ የሞባይል ኔትወርክ ፕላኒንግ ስለሆነ ጉዳዩን ያኔም ተከታትዬዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የፈረንሳይ የፍሪኩዌንሲ ተቆጣጣሪ ኤኤንኤፍአር ይባላል። ገበያ ላይ ያሉ ስልኮችን እየወሰደ ላቦራቶሪ ያስገባል። በዚያ ዙር 141 ስልክ አስፈትሾ አይፎን 12 አንዱን ፈተና ወደቀ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 አፕል ሽያጩን እንዲያቆም ታዘዘ። በእኛ የ2016 እንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። አፕል ደግሞ ያንኑ ቀን አይፎን 15ን እያስተዋወቀ ስለነበር ዜናው እንደ ጉድ ተዛመተ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የሚለካው ነገር ኤስኤአር ይባላል። ሰውነት ከስልኩ የሚወስደው የሬዲዮ ሞገድ ጉልበት ነው፤ በዋት በኪሎ ይነገራል። በአውሮፓ ገደቡ ለራስና ለደረት፣ ለሆድ አካባቢ 2 ነው። ለእጅና ለእግር 4 ነው። አይፎን 12 ጃኬት ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ሲለካ አልፏል። የወደቀው ገላ ላይ ተለጥፎ፣ ቅንጣት ክፍተት ሳይኖር በሚለካበት የእጅና የእግር ፈተና ነው። ውጤቱ 5.74 መጣ።

5.74 ከ4 ይበልጣል። ሕግ ሕግ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ግን 4 ራሱ ከየት መጣ? መመሪያውን የሚያወጣው አይክኒርፕ የሚባል ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነው። የእጅና የእግር ሥጋ ከልክ በላይ መሞቅ የሚጀምርበትን መነሻ 40 ዋት በኪሎ ላይ ያስቀምጣል። ያንን ለሁለት ይከፍልና 20ውን ለሠራተኛ ይሰጣል። እንደገና ለአምስት ይከፍልና 4ቱን ለሕዝብ። ለራስም ያው ነው፤ 20፣ 10፣ 2። ስለዚህ አይፎን 12 የሕጉን መስመር አልፏል። ሥጋ የሚሞቅበት መስመር ጋ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ለምን ወደቀ? አፕል ያስረዳው እንዲህ ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ መቀመጡን በሴንሰር ያውቃል። ሰው እንዳልያዘው ሲያውቅ የመላኪያ ኃይሉን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ላቦራቶሪ ውስጥም ስልኩ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ መስሎት ከፍ አደረገ። በኦክቶበር 2023 የወጣው አይኦኤስ 17.1 ፈረንሳይ ላሉ ተጠቃሚዎች ይህንን ባህሪ አጠፋ፤ ተቆጣጣሪውም ማስተካከያውን ተቀበለው። ከስልኩ አንድ ብሎን አልተፈታም።

ጥራጊ የሚባለው ነገር እንግዲህ አያስኬድም። ፓሪስ የተሸጠውም ቦሌ የተሸጠውም ያው ስልክ ነው።


አልሸወድም ባይ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ይሄ «ሙቀት፣ ሙቀት» የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ሞባይል ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መዝግቦታል። አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ዕጢ ወጥቷል። እናንተ ደመወዛችሁ ከዚያው ስለሆነ ምን ትላላችሁ? የበላችበት አገሯ ነው።


ሲስተር ማሂ · ማክሰኞ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ ያነሳሃቸው ሁለቱም ነገሮች ተከስተዋል። ቀሪውን ግማሽ እኔ ልጨምርበት።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የሬዲዮ ሞገድን «2ለ» በሚባለው ምድብ አስገባው። ትርጉሙ ካንሰር የማምጣት ዕድሉን መዝጋት አልቻልንም፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው ማለት ነው። የሙሉ እሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ሲጋራና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ሌላ ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ምድቡ የሚናገረው ስለማስረጃው ጥንካሬ ነው። ምን ያህል ሰው እንደሚታመም አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ 13 ዓመት አለፈ። በ2024 ያው የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ትልቅ ግምገማ ወጣ። የመሩት የአውስትራሊያ የጨረር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ከ1994 እስከ 2022 የታተሙ 63 ጥናቶችን አገላብጠው በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኙም። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠቀሙት ላይም አልታየም።

አይጦቹን በተመለከተ፦ ጥናቱ የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ የመጨረሻ ሪፖርቱ በ2018 ወጣ። ወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ ታየ፤ «ግልጽ ማስረጃ» ብለው ነው የጻፉት። ይህንን የሚደብቅ የለም። ግን አይጦቹ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መላ አካላቸውን ተመተዋል። ዝቅተኛው መጠን 1.5 ዋት በኪሎ ነበር። ለሰው መላ አካል የተቀመጠው ገደብ 0.08 ነው። የሚገርመው ደግሞ ጨረር ያገኙት ወንድ አይጦች ካላገኙት የበለጠ ዕድሜ ኖሩ። ስለዚህ ስልክ ዕድሜ ያረዝማል እንበል? አንልም። ከአንድ ሙከራ ላይ የሚስማማንን ብቻ መርጠን አንወስድም ለማለት ነው።


ራዲዮ ፕላኒንግ · ማክሰኞ ማታ 3፡55

አመሰግናለሁ ሲስተር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኤክስሬይ ዘረመል የሚሰብረው እያንዳንዱ የጨረር ቅንጣት ኤሌክትሮን ፈንቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት ስላለው ነው። የስልክ ሞገድ ቅንጣት ጉልበት ለዚያ ከሚያስፈልገው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። መጠኑን ብትጨምር ሙቀት ይጨምራል። ኤሌክትሮን ግን አይፈነቅልም።


ከሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ ጠዋት 12፡30

እዚህ አሜሪካ ገደቡ 1.6 ነው፤ በአንድ ግራም ሥጋ ላይ አማክሎ ይለካል። አውሮፓ 2 ብሎ በ10 ግራም ያማክላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ «ይሄኛው ስልክ ይሻላል» ማለት አይቻልም፤ የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው። ብዙ የዩቲዩብ ዝርዝሮች ይህን ይዘሉታል።

እኔ ግን ልናገር የመጣሁት ስለሌላ ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናታችን የስልክ «ጨረር መከላከያ» ስቲከር እየሸጡ አገኘኋቸው። ከጎኑ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጥቁር ድንጋይ መሳይ አለ፤ «ኳንተም» ነው ይላሉ። ግማሹ ምዕመን ገዝቷል። እባካችሁ ቤተሰብ ካላችሁ ንገሩልኝ።

ስቲከሩን በተመለከተ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2002 ሻጮችን ከስሷል። ጆሮ መስሚያውን ብቻ ብትሸፍነው ሞገዱ የሚወጣው ከመላው ስልክ ነውና ምንም አይፈይድም። አንቴናውን ከጋረደው ደግሞ ይባስ፤ ስልኩ ኔትወርክ ለማግኘት ኃይሉን ይጨምራል።

ድንጋዩ ግን የእውነት ያስፈራል። በዲሴምበር 2021 የኔዘርላንድ የኑክሌር ደኅንነት ባለሥልጣን «ከ5ጂ ይጠብቃሉ» የተባሉ አሥር ዕቃዎችን መረመረ። ሐብል፣ አምባር፣ ለእንቅልፍ የሚደረግ የዓይን መሸፈኛ ሳይቀር ነበረበት። ሁሉም አዮን ፈጣሪ ጨረር ያመነጫሉ። እሱ ኤክስሬይ ያለበት ወገን ነው። ጨረር ፈርቶ የገዛ ሰው እውነተኛውን ጨረር ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይተኛል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ አውልቃችሁ፣ ዘግታችሁ አስቀምጡት አለ።


ጀማው ነኝ · ረቡዕ ጠዋት 12፡41

አክስቴ አላት። አሁኑኑ ልደውል።


የቅድስት እናት · ረቡዕ 4፡15

እኔ ያስጨነቀኝ የልጅ ጉዳይ ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ምግብ የምትበላው ስልክ ከተሰጣት ብቻ ነው፤ ፊቷ ላይ ለጥፋ ነው የምታየው። እነዚህ ገደቦች ለትልቅ ሰው ነው ወይስ ለልጅም ነው የወጡት?


ራዲዮ ፕላኒንግ · ረቡዕ 6፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ፈተናው እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ። የሰው ራስ ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ ገንዳ አለ። ውስጡ የሰውን ሥጋ ኤሌክትሪካዊ ባህሪ የሚመስል ፈሳሽ ይሞላል። ስልኩ ከሥር ጉንጩ ላይ ይታሰርና በሙሉ ኃይሉ እንዲልክ ይገደዳል። አንድ የሮቦት ክንድ ቀጭን መለኪያ ፈሳሹ ውስጥ እየነከረ ነጥብ በነጥብ ያነባል። ያ ራስ የተሠራው በአሜሪካ ወታደሮች ልኬት ነው፤ የትልልቆቹን ወንዶች ራስ ነው የወሰዱት። ስለዚህ «የልጅ ራስ የት አለ?» የሚለው ትችት ከድሮም አለ።

ልኬት የሠሩ ሰዎች እንደሚሉት የልጅ ራስ ቅል ቀጭን ስለሆነ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ከትልቅ ሰው የበለጠ ሞገድ ያገኛሉ። የገደቡ ትርፍ ልዩነት ይህን እንዲሸከም ታስቦ ነው የተቀመጠው። አንዳንድ አገሮች ግን ከዚያም በላይ ይጠነቀቃሉ። ፈረንሳይ በ2015 ባወጣችው ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃናት በሚውሉበት ክፍል ዋይፋይ ከልክላለች።

ላንቺ ልጅ ቀላሉ መላ አለ። ካርቱኑን ቀድመሽ አውርጂና ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ዋይፋዩም ብሉቱዙም ይጥፋ። ያኔ ስልኩ የሚልከው ነገር የለም፤ ስክሪን ብቻ ነው። እንዳታቀርበው ደግሞ ግድግዳ ላይ አስደግፊው።


የቅድስት እናት · ረቡዕ 7፡05

ይሄንን ነው የፈለግኩት፣ ተባረክ። ስክሪኑን ማስጣሉን ደግሞ እግዜር ይርዳኝ።


የድሮ ሬዲዮ ሠሪ · ረቡዕ ማታ 1፡20

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር። ስልክ ሊጠራ ሲል ሬዲዮው «ትር ትር ትር፣ ድርርርር» ይላል። ገና ሳይጠራ! በሰንበቴም በለቅሶ ቤትም ድምፅ ማጉያው እንዲሁ ሲል «ስልካችሁን አጥፉ» ይባላል። አሁን አሁን ግን ከተማ ውስጥ እምብዛም አልሰማውም። ገጠር እኅቴ ዘንድ ስሄድ ግን አሁንም አለ። ይህ ነገር ከምትሉት ጋር ይያያዛል?


ራዲዮ ፕላኒንግ · ረቡዕ ማታ 2፡35

ጋሼ፣ ከሁላችንም በላይ ነገሩን በጆሮዎ ለክተውታል።

ያ ድምፅ የ2ጂ ነው። 2ጂ ስልክ ያለማቋረጥ አይልክም። ጊዜውን ለስምንት ከፍሎ በአንዱ ብቻ፣ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ይልካል። ሽቦና ማጉያ ያለው ዕቃ ይህን ቁርጥራጭ ይጠልፍና «ትር ትር» ብሎ ያሰማዎታል። ሳይጠራ የሚሰማው ስልኩ ከታወሩ ጋር ቀድሞ ስለሚነጋገር ነው። በ900 ሜጋኸርዝ 2ጂ ስልክ ሲልክ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ በአማካይ ሩብ ዋት ማለት ነው። 4ጂ ስልክ ጣሪያው 0.2 ዋት ነው፤ አላላኩም እንደዚያ አይቆራረጥም። ከተማ ውስጥ ድምፁ የጠፋብዎት ለዚህ ነው።

ናቲም ልብ ብሎ ያንብብ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ከሳጥኑ ላይ የምታነበው ኤስኤአር ስልኩ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በየቀኑ የሚያገኝህ ያ አይደለም። ታወሩ ስልኩን በየቅጽበቱ «ቀንስ፣ ጨምር» እያለ ያዘዋል። ሲግናል ጥሩ ከሆነ ስልኩ ከጣሪያው እጅግ ባነሰ ኃይል ይሠራል። የጋሼ እኅት ያሉበት ሰፈር ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣ ይሆናል። ወዲያ ማዶ ተራራ ላይ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ፣ እዚያ ስልኩም ባለ በሌለ ኃይሉ ነው የሚጮኸው። ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ነው።

ስለዚህ 0.9 ያለው ስልክና 1.2 ያለው ስልክ መካከል ከመምረጥ ይልቅ የት ሆነህ እንደምታወራ ይበልጥ ለውጥ ያመጣል። አሳንሰር ውስጥ፣ ቤዝመንት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም መሬት ላይ ካለው ደረጃ ሥር አንድ የኔትወርክ ዘንግ ይዘህ ረጅም ወሬ አታውራ። መስኮት ጋ ጠጋ በል።

ሌላው ርቀት ነው። ከጆሮህ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስታርቀው የሚደርስህ በፍጥነት ይወርዳል። ላውድ አድርገው ወይም ኢርፎን ሰካ። የብሉቱዝ ኢርፎን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሚሊዋት ነው የሚሠራው፤ ታወር ድረስ መድረስ አይጠበቅበትማ።


የድሮ ሬዲዮ ሠሪ · ረቡዕ ማታ 2፡50

እንዲህ ተብራርቶልኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።


አልሸወድም ባይ · ረቡዕ ማታ 3፡10

እሺ፣ እንበልና ስልኩ ደህና ነው። ጣሪያችን ላይ የተተከለውስ ታወር? አከራያችን በየወሩ ብር ይቆጥራሉ፣ እኛ ከሥሩ ተኝተን እንጠበሳለን!


ራዲዮ ፕላኒንግ · ረቡዕ ማታ 3፡18

የታወር አንቴና እንደ አምፖል ዙሪያውን አይረጭም። ጨረሩን ጠፍጣፋ አድርጎ ወደ ፊት ነው የሚልከው፤ ከሥሩ ያለው ፎቅ ከማዶው ያነሰ ነው የሚያገኘው። መጠንቀቅ ያለበት አንቴናው ፊት ለፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ዲሽ ሊያስተካክል ወይም ልብስ ሊያሰጣ ጣሪያ የሚወጣ። አጥር ወይም ምልክት ከሌለው ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። በተረፈ ታወር ቅርብህ ሲሆን ኪስህ ያለው ስልክ ይቀንሳል። የብሩን ነገር ግን ከአከራይህ ጋር ተነጋገር።


መገናኛ ሞባይል ጥገና · ሐሙስ 5፡30

ከባለሙያ ሳይሆን ከጠጋኝ አፍ ስሙኝ።

ደንበኞች «ሳወራ ጆሮዬን ያቃጥለኛል፣ ጨረር ነው» ይሉኛል። ስከፍተው ብዙውን ጊዜ ባትሪው አብጧል ወይም ቦርዱ ላይ ችግር አለ። የሚሰማችሁ ሙቀት የባትሪና የፕሮሰሰር ነው፤ ስልኩ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ አየር አያገኝም። የሚያቃጥል ስልክ ካላችሁ አምጡት፣ ጨረር ብላችሁ አታስታሙት።

ስልካችሁ ላይ *#07# ብትደውሉ ብዙዎቹ ኤስኤአራቸውን ያሳያሉ። አይፎን ወደ መረጃ ገጹ ይወስዳችኋል። ግን አንድ ነገር አለ። ፎርጅድ ሳምሰንግ ላይ ስትደውሉ የሚመጣው ቁጥር የኦርጅናሉ ግልባጭ ነው። ያንን ስልክ የለካው ሰው የለም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለሚገቡ ስልኮች የዓይነት ፈቃድ ይሰጣል፤ ፎርጅዱ ግን በዚያ በር አያልፍም። እኔ ከአይፎን 12 ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። *#06# ደውሉና አይኤምኢአዩን፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ ከሳጥኑና ከሲም መሳቢያው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ተዉት።

ናቲ፣ ትራስ ሥር ያልከውን አንብቤ ደነገጥኩ። ለጨረሩ አይደለም። ቻርጅ ላይ ሰክተህ ትራስ ሥር ካደረግከው ሙቀቱ መውጫ የለውም። ትራስ ያቃጠለ ስልክ በእጄ ገብቷል፤ የጀርባው መስታወት ከስፖንጁ ጋር ተጣብቆ ነበር።


ናቲ ገርጂ · ሐሙስ 7፡15

ስልኩን ዛሬ ወሰድኩት። አይኤምኢአዩም ገጥሟል። ትራሱን ግን ነፃ አውጥቼዋለሁ። ራዲዮ ፕላኒንግ፣ ቡናው አለ።

አሁን ጥያቄ የሚቀረው ጓደኛዬ ነው፤ ራሱ ለመጻፍ ስላፈረ እኔ ልጻፍለት። በቅርቡ ያገባል። ስልክ ሱሪ ኪስ ውስጥ መያዝ ለመውለድ ችግር ያመጣል ወይ?


ጀማው ነኝ · ሐሙስ 7፡17

«ጓደኛዬ» 😂


ሲስተር ማሂ · ሐሙስ ማታ 1፡40

ተዉት፣ ጥሩ ነው የጠየቀው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ2005 እስከ 2018 ድረስ ለወታደርነት ምርመራ የመጡ 2,886 ወጣት ወንዶች ተጠንተዋል። ውጤቱ በ2023 ታተመ። በቀን ከ20 ጊዜ በላይ ስልክ የሚጠቀሙት በሳምንት ከአንድ ጊዜ ከማይበልጡት ጋር ሲነጻጸሩ የዘር ፍሬ ክምችታቸው በ21 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ይህን ብቻ ይዞ የሮጠ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ግን አብሮ ይነበብ። አንደኛ፣ ስልኩን ሱሪ ኪስ መያዝና አለመያዝ ልዩነት አላሳየም። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ወደ 4ጂ እየተመጣ ሲሄድ ደብዝዟል። ከጋሼ ሬዲዮ ጋር ሳይገጥም አይቀርም፤ ማረጋገጫ ግን የለም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ያለ ሰው እንቅልፉም፣ ጭንቀቱም፣ አቀማመጡም ሌላ ነው። የትኛው ምን እንዳደረገ ጥናቱ አይለይም።

ለጓደኛህ የምመክረው ሲጋራና ጫት ካለ እዚያ ይጀምር ነው። ስልኩን ጃኬት ኪስ ቢያደርገው ደግሞ ወጪ የለውም።


ብሩክ ከአዳማ · ሐሙስ ማታ 3፡05

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ከሞገዱ ትንሽ ይርቅ ይሆናል። አባቴ በቅርቡ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ገብቶለታል። ዕድሜው ገፍቷል፣ ስልኩን ሁልጊዜ ሸሚዙ የላይኛው ኪስ ነው የሚከተው። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ አይፎን 12 ልልክለት ነው ይላል። ችግር አለው?


ሲስተር ማሂ · ሐሙስ ማታ 3፡30

አባትህን እግዜር ይማርልህ። እዚህ ክር ውስጥ ስለ አይፎን 12 የተጠየቀው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

ዘመናዊ ፔስሜከሮች የሬዲዮ ሞገድን እንዲቋቋሙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። የአሜሪካ የመድኃኒትና የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግን ስልክ ከመሣሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመክራል። አይፎን 12 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከጀርባው ለቻርጀር መለጠፊያ ክብ ማግኔት አለው። በጃንዋሪ 2021 አሜሪካ ሚሺጋን የሚገኙ ሐኪሞች ስልኩን የልብ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልስ መሣሪያ የተተከለበት ሰው ደረት ላይ ሲያስጠጉት መሣሪያው ሥራውን እንዳቆመ ጻፉ። ሲያርቁት ተመለሰ። ፔስሜከርም ማግኔት ሲጠጋው አሠራሩን ይቀይራል። አፕልም ራሱ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁ ብሏል።

ስለዚህ ይላክለት፣ ግን የሸሚዝ ኪስ ክልክል። ሱሪ ኪስ ወይም በእጁ ይያዘው። መሣሪያው በግራ ከሆነ በቀኝ ጆሮው ያውራ።


ብሩክ ከአዳማ · ሐሙስ ማታ 3፡36

በግራ ነው። ወንድሜ ያንን ዋየርለስ ቻርጀርም አብሮ ሊልክ ነው፤ እሱስ?


ሲስተር ማሂ · ሐሙስ ማታ 3፡44

ቻርጅ እያደረገ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር። ኮሞዲኖው ላይ ከሆነ የሚሰካው ወደ ራስጌው አይሁን፣ ወደ ግርጌው አዙሩት። ሆስፒታሉ የሰጣችሁ የመሣሪያው ካርድም ኪሱ ውስጥ ይኑር፤ ሞዴሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ለቀጣዩ ክትትል ስትሄዱ ስልኩን ይዛችሁ ሐኪሙን አሳዩት።